የሚያቆማችሁ ጎማው ነው



ሰው ከአዲስ አበባም ይምጣ ከዱባይ ወይም ከአትላንታ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ ሲደርስ ቀድመው የኖሩት ወገኖች የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ «እዚህ በረዶ አለ፤ ባለ ፎር ዊል መኪና ግዛ» ይሉታል። ምክሩን ሰምቶ ራቭ ፎር ወይም ሲ አር ቪ፣ አቅሙ ሲፈቅድም ሃይላንደር ይገዛል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ጥቂት ዓመት ነድቶ ጎማው ሲያልቅ ያ ሰው ጎማ ቤት ይሄድና «ርካሹን አራት ግጠምልኝ፤ መኪናዬ እንደሆነ ፎር ዊል ነው» ይላል። በጎማ ሥራ ላይ ስቆይ ይህችን አነጋገር ደጋግሜ ሰምቻታለሁ፤ በሰማኋት ቁጥርም ታስፈራኛለች። ዛሬ ከእናንተ ጋር ልነጋገር የመጣሁት በእርሷ ላይ ነው።

ፎር ዊል ድራይቭም ሆነ ኦል ዊል ድራይቭ ሥራው የሞተሩን ጉልበት ለአራቱም እግር ማከፋፈል ነው። በፊት እግሩ ብቻ የሚነዳ መኪና በረዶ ላይ ሲነሳ ሁለቱ ጎማዎች ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ የእናንተ ግን በአራቱም ስለሚገፋ ተነስቶ ይሄዳል። ዳገት ይወጣል፤ በረዶ ጠራጊው መኪና ደጃችሁ ላይ ከምሮት የሄደውን በረዶ አልፎ ይወጣል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አልክድም። ፍሬን ስትረግጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፍሬን በትንሿ ኮሮላም በትልቁ ሴኮያም በአራቱም እግር ላይ አለ። ፍሬን በረገጣችሁባት ቅጽበት ለፎር ዊል የከፈላችሁት ገንዘብ መኪናውን ቶሎ አያቆምላችሁም። ኩርባ ላይ መሪ ስታዞሩም፣ መኪናው ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው መንገዱን የነካው ጎማ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ፎር ዊል የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሩ መደበቁ ነው። በሁለት እግሩ ብቻ የሚነዳ መኪና የያዘ ሰው ገና ከሰፈሩ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው መብራት ላይ ጎማው ሲሽከረከርበት «ዛሬ መንገዱ ያንሸራትታል» ብሎ ይጠነቀቃል። ባለ ፎር ዊሉ ይህ ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም። መብራቱ ሲበራ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መኪናው የታዘዘውን ስለሚያደርግ መንገዱም ደህና ይመስለዋል። ፓርከር ሮድ ላይ አርባ ማይል ይደርሳል። መንገዱ እንደማይዝ የሚያውቀው ፊት ለፊቱ ያለው መኪና ቀዩን የፍሬን መብራት ሲያበራ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዕውቀቱ አይጠቅመውም።

ቁጥሩን አብረን እንየው። በሰዓት 30 ማይል የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘበት ቦታ ጀምሮ ለመቆም በግምት 13 ሜትር ይበቃዋል። በተደቆሰ በረዶ ላይ ጎማው የመያዝ አቅሙ ወደ ሲሶ ገደማ ስለሚወርድ 35 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ግግር በረዶ ላይ ከሆነ 90 ሜትር ቢሄድ አይደንቅም። ይህ ሁሉ እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ካረፈ በኋላ ያለው ብቻ ነው፤ አይታችሁ እስክትረግጡ የምትሄዱት አልተቆጠረም። ፍጥነቱን ከ30 ወደ 40 ማይል ብታሳድጉት ማቆሚያው በሲሶ ጨምሮ አያበቃም፤ ርቀቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

እዚህ ላይ «መኪናዬ ከባድ ስለሆነ መሬት ይይዛል» የሚል አይጠፋም። ክብደት ጎማውን ወደ መሬት መጫኑ እውነት ነው፤ በዚያው መጠን ግን ፍሬኑ ሊያስቆመው የሚገባውን ግፊትም ይጨምራል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ኤ ቢ ኤስም ቢሆን ጎማው እንዳይቆለፍና መሪው እንዲታዘዝ ያደርጋል እንጂ በሌለ ነገር ላይ መያዣ አይፈጥርም። ከመንገዱ ጋር የምትገናኙት በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም የመዳፍ ስፋት ቢኖረው ነው። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ኮምፒዩተሩም የሚሠሩት በዚያች ስፋት በኩል ነው።

ታዲያ አንዱ ጎማ ከሌላው በምን ይለያል? ብዙ ሰው ጥርሱን ያያል። ጥርሱ ትልልቅ፣ ጎኑም የተቆራረጠ ከሆነ «ይሄ ለበረዶ ነው» ይላል። እኔ ግን ከጥርሱ አስቀድሜ ስለ ውህዱ፣ ማለትም ጎማው ስለተሠራበት ነገር፣ እናገራለሁ። ጎማ መንገድ የሚይዘው ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ አስፋልቱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጉብታዎች ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል። ቅቤ በብርድ ጠዋት ደርቆ ማንኪያ አላስገባ እንደሚል ሁሉ የጎማ ውህድም ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ለሙቀት ወራት የተሠራ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እዚህ በለመድነው አቆጣጠር ከ45 ፋራናይት አካባቢ፣ ሲወርድ መጠጠር ይጀምራል። በረዶ ባይኖርም፣ አስፋልቱ ደረቅ ቢሆንም፣ ይጠጥራል። የበረዶ ጎማ ውህድ ግን ሲሊካና የተለየ የጎማ ቅመም ተጨምሮበት ከዜሮ በታችም እንዲለሰልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህንን በዓይን ማየት አይቻልም። ሁለት ጎማዎች ጎን ለጎን ቆመው ጥርሳቸው ቢመሳሰል እንኳ በጃንዋሪ ጠዋት ሥራቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

ከውህዱ ቀጥሎ ነው ጥርሱ የሚመጣው፤ እርሱም ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በረዶ ላይ ጎማውን የሚረዳው በረዶው ራሱ ነው። ጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ በረዶውን ጠቅጥቆ ይይዛል፤ የተጠቀጠቀው በረዶ ደግሞ መሬት ላይ ካለው በረዶ ጋር ይያያዛል። በረዶ ከላስቲክ ይልቅ በረዶን ይይዛል። ስለዚህ የበረዶ ጎማ በረዶውን ወዲያው የሚያራግፍ ሳይሆን የሚያቆይ ነው። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ በምላጭ የተሰነጠቁ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ጎማው ሲረግጥ እነዚህ ይከፈቱና በብዙ ትንንሽ ጠርዞች መሬቱን ይነክሳሉ። የበረዶ ጎማ ስትመርጡ ከጥርሱ ትልቅነት ይልቅ የእነዚህን ስንጥቆች ብዛት እዩ።

ግግር በረዶ የራሱ ጠባይ አለው። ከሁሉ የሚያንሸራትተው በጣም ሲቀዘቅዝ ሳይሆን ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው፤ በላዩ ላይ ስስ የውኃ ሽፋን ስለሚኖር ጎማው ግግሩን ሳይነካ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። የዴንቨር ፀሐይ ቀን ቀን በረዶውን ታቀልጠዋለች፤ ማታ ውኃው አስፋልቱ ላይ መልሶ ይረጋል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሰው ጭኖ በፔኛ ቡሌቫርድ ወደ ኤርፖርት የሚሄድ ወንድማችን የሚገጥመው ይህ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መንገድ መፍትሔው የተገኘው በአስገራሚ መንገድ ነው። ጃፓኖች ለብዙ ዓመታት ብረት የተሰካባቸው ጎማዎች ይጠቀሙ ነበር፤ ብረቱ አስፋልቱን እየፈጨ የሰሜኑን ከተሞች በአቧራ ስለሞላቸው በ1990 ሕግ አወጡና አስቀሩት። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1988፣ ብሪጅስቶን ብሊዛክ የሚባለውን ጎማ አውጥቶ ነበር፤ ውህዱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሆኖ ያንን ስስ ውኃ ከግግሩ ላይ የሚያነሳ ነው። ዛሬ ብረት የሌላቸው የበረዶ ጎማዎች በዚህና በተመሳሳይ ዘዴ ይሠራሉ።

ብረት ያለበትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ኮሎራዶ ትፈቅዳለች፤ ሚኒሶታ ግን ለነዋሪዎቿ ከልክላለች። መንገዱ ወራቱን ሙሉ ግግር የሆነበት ገጠር ለሚኖር ሰው ይጠቅማል። የዴንቨር መንገድ ግን አብዛኛውን ቀን ደረቅ አስፋልት ነው፤ በደረቅና በርጥብ አስፋልት ላይ ብረቱ ይጮሃል፣ መያዝንም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለከተማ ነዋሪ አልመክረውም።

አሁን ጎማ ቤት ስትሄዱ በዓይናችሁ ወደምታዩት ምልክት ልምጣ። በጎማው ጎን ላይ ሁለት ምልክቶች ፈልጉ። አንደኛው ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ናቸው፤ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። ይህ ምልክት በአብዛኞቹ ኦል ሲዝን ጎማዎች ላይ አለ። የሚናገረው ግን ስለ ጥርሱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት አይደለም። ሁለተኛው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ሆኖ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ነው። ይህኛው በ1999 በአሜሪካና በካናዳ የጎማ አምራቾች ስምምነት የመጣ ሲሆን፣ ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከመመዘኛው ጎማ ጋር ተወዳድሮ በተወሰነ መጠን ካልበለጠ አይሰጠውም። ጀርመን ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በዊንተር መንገድ ላይ ኤም እና ኤስ ብቻ ያለውን ጎማ አትቀበልም፤ ተራራውን ትጠይቃለች። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ በረዶ በሚጥልበት አገር ለሚነዳ ኤስ ዩ ቪ ተራራው የሌለበትን ጎማ አትግዙ።

ነገር ግን ምልክቱ የማይናገረውንም ዕወቁ። ፈተናው የሚለካው መኪናው በረዶ ላይ ሲነሳ ጎማው ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ስለ ማቆም፣ ስለ ኩርባ፣ ስለ ግግር አይናገርም። ስለዚህ ምልክቱ ያላቸው ሁለት ጎማዎች በግግር ላይ እኩል አይደሉም። እዚህ ላይ ነው የጎማው ዓይነት የሚመጣው።

ኦል ሲዝን የሚባለው ጎማ የአሜሪካ ልጅ ነው። ጉድዪር በ1977 ቲየምፖ የሚባለውን ካወጣ ጀምሮ አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ መቀየርን ተዉ። በሁሉም ወቅት ይሠራል ተብሎ የተሠራ ነገር በአንዱም ወቅት አንደኛ አይሆንም፤ ይህ ጎማ ቀለል ላለ ብርድና ለዝናብ ነው። ሁለተኛው ኦል ዌዘር የሚባለው ነው፤ ስሙ ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታዋል። ይህ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳ ሆኖ ተራራው ያለበት ነው። የኖኪያን ደብሊው አር፣ የሚሽሊን ክሮስ ክላይሜት 2፣ የቶዮ ሴልሲየስ ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው ለበረዶ ወራት ብቻ የሚገጠመው ጎማ ነው። ፊንላንዶች በ1934 ለጭነት መኪና፣ በ1936 ደግሞ ሃካፔሊታ በሚል ስም ለቤት መኪና የሠሩት ጎማ የዚህ አባት ነው። አራተኛው ለኤስ ዩ ቪ ባለቤት ፈታኝ የሆነው ኦል ቴሬን ነው። መልኩ ያምራል፣ ጉልበተኛ ያስመስላል፤ አንዳንዱም ተራራው አለበት። ለኮረኮንችና ለጥልቅ በረዶ ጥሩ ነው። ጥርሱ ግን ትልልቅና ጠጣር፣ ስንጥቁም ጥቂት ስለሆነ ጠዋት በግግር ላይ ሲሄዱ ደካማ ነው። መኪናችሁ ኮረኮንች የማይረግጥ ከሆነ ለመልኩ ብላችሁ አትግዙት።

ምርጫው እንግዲህ የምትነዱበት ቦታ ነው። የሚኒያፖሊስ ሰው በጃንዋሪ ቀኑን ሙሉ ከዜሮ ሴንቲግሬድ በታች ነው የሚውለው፤ የበረዶ ጎማ ገጥሞ እስከ ማርች መጨረሻ ሊረሳው ይችላል። ዴንቨር እንደዚያ አይደለችም። ዛሬ በረዶ ጥሎ ነገ ፀሐይ ወጥታ ሰው በሹራብ ይሄዳል፤ በጃንዋሪም ቢሆን የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 45 ፋራናይት አካባቢ ይደርሳል። የበረዶ ጎማ በሙቅ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬንም ያረዝማል። ስለዚህ ከኦሮራ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ ከዚያም ወደ ሃቫና መንገድ ገበያ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ኦል ዌዘር ጎማ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ። በየሳምንቱ ወደ ተራራው፣ ወደ ፍሪስኮና ወደ ቬይል የሚወጣ፣ የበረዶ ሸርተቴ እንግዶችን የሚያመላልስ፣ ወይም ሌሊት የሚሠራ ሰው ግን የበረዶ ጎማ ለብቻው ይያዝ። በዚያ መንገድ ላይ ያለው አይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ከራስ ደጀን የሚያንሰው በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ያለው አየር ከዴንቨር አየር ጋር አይተዋወቅም። በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ላሉት ዘመዶቻችሁም ስትደውሉ ኦል ዌዘር በሏቸው፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚጥል በረዶ ሁለተኛ ጎማ መግዛት አያስፈልጋቸውም።

ሕጉንም ዕወቁት። በአይ 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ተራራማ መንገድ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የኮሎራዶ የትራክሽን ሕግ ይሠራል። ፎር ዊል ቢሆንም የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 6/32፣ ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። በከተማ ሕጋዊ የሆነው ዝቅተኛ ጥልቀት 2/32 ነው። ኦገስት ላይ ማንም የማይጠይቃችሁ ጎማ ሴፕቴምበር 1 ቀን ተራራው ላይ ያስቀጣችኋል። ቅጣቱ ከመቶ ዶላር በላይ ነው፤ ተንሸራታችሁ መንገድ ከዘጋችሁ ከ650 ዶላር ያልፋል። ሕጉ ኤም እና ኤስ ያለበትንም ጎማ ይቀበላል፤ እኔ ግን ለዚያ መንገድ አልቀበለውም። ጥርሱም 6/32 ላይ ሲደርስ «ገና ነው» አትበሉ፤ አዲስ ጎማ ከ10/32 እስከ 12/32 ይዞ ይመጣል፣ ከ5/32 በታች ሲሆን በረዶ የሚይዝበት ቦይ አጥቷል ማለት ነው። መለኪያዋ ጥቂት ዶላር ነው የምትሸጠው፤ በመኪናችሁ ኪስ አኑሯት።

መጠኑን በተመለከተ ሻጩን አትጠይቁ፤ የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ለምሳሌ 225/65 አር 17 102 ኤች ይላል። 225 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 102 አንድ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ምልክት ነው፤ 850 ኪሎ ማለት ነው። ኤስ ዩ ቪ ሰባት ሰው ከነሻንጣው ስለሚጭን ይህ ቁጥር በበሩ ላይ ካለው ማነስ የለበትም፤ አንዳንድ ሻጭ በመጠን የሚገጥም ነገር ግን ለትንሽ መኪና የተሠራ ጎማ ሊያቀርብላችሁ ይችላል። የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው። የበረዶ ጎማ ላይ ኪው ብታዩ አትደንግጡ፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይችላል፣ በኮሎራዶ የሚፈቀደው ትልቁ ፍጥነት ደግሞ 75 ማይል ነው።

ባለ 19 ወይም ባለ 20 ኢንች ቸርኬ የያዛችሁ ሰዎች አንድ ጥሩ ነገር ልንገራችሁ። የበረዶ ጎማችሁን በትንሽ ቸርኬ ላይ ማስገጠም ትችላላችሁ፤ የመኪናው መመሪያ ከፈቀደና ቸርኬው የፍሬኑን አካል ካልነካ ባለ 17 ወይም 18 ይሆናል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ሳይለወጥ ጎኑ ይረዝማል፣ ፊቱ ይጠባል፤ ጠባብ ጎማ በረዶውን ሰርስሮ ይገባል፣ ጉድጓድም ሲመታ ቸርኬው አይታጠፍም። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የበረዶ ጎማውን በራሱ ቸርኬ ላይ ካስቀመጣችሁት ደግሞ በየወቅቱ ጎማ ከቸርኬ ማላቀቅ አይኖርም። ጎማን ደጋግሞ ማውጣትና ማስገባት ጠርዙን ይጎዳል። በሁለተኛው ቸርኬ ላይ የንፋስ ሴንሰር መገጠሙን ጠይቁ፤ ካልተገጠመ መብራቱ ዳሽቦርድ ላይ በርቶ ይከርማል፣ እውነተኛ የንፋስ መጉደል ሲኖርም አታውቁም።

ጎማ ስትገዙ አራቱንም ግዙ፤ ሁለት አትግዙ። «የፊቱን ሁለት ብቻ ቀይርልኝ» የሚል ጥያቄ የሚመጣው ገንዘብ ለማዳን ነው፤ ይገባኛል። የፊቱ በደንብ ይዞ የኋላው ካልያዘ ግን ኩርባ ላይ ፍሬን ስትነኩ የኋላው ወጥቶ መኪናው ይዞራል። ፎር ዊል ላይ ሌላ ጉዳትም አለ። አሮጌና አዲስ ጎማ ቁመታቸው ስለሚለያይ በአንድ ፍጥነት አይሽከረከሩም፤ ይህንን ልዩነት ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ጉልበት የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ነው። ለዚያም ነው አምራቾቹ በአራቱ ጎማዎች መካከል የጥርስ ልዩነት ከ2/32 እስከ 3/32 እንዳያልፍ የሚያስጠነቅቁት። በሁለት ጎማ የተረፈው ገንዘብ በዲፈረንሻል ጥገና ብዙ እጥፍ ሆኖ ይከፈላል።

ያገለገለ ጎማ ስለ መግዛት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቤተሰብ አገር ቤት የሚረዳ፣ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው አራት አዲስ ጎማ ሲባል የሚሰማውን አውቃለሁ። ግን ያገለገለ ጎማ ከገዛችሁ ቢያንስ ዕድሜውን አንብቡ። ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ለበረዶ አትግዙት፤ ውህዱ ደርቋል። አዲስም ስትገዙ ይህችን ቁጥር እዩ፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ገንዘቡን ማዳን ከፈለጋችሁ በታዋቂ ስም ምትክ መካከለኛ ስም ግዙ፤ ተራራው ይኑርበት እንጂ መካከለኛውም ለከተማ በቂ ነው። ሁለት ዓይነት ጎማ የያዘ ሰው ደግሞ አንዱ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍ ሁለቱም ይቆዩለታል፤ ወጪው ሲታይ የሚያስደነግጠውን ያህል አይሆንም። ከእናንተ መካከል ኦንታሪዮ ዘመድ ያላችሁ ንገሩልኝ፤ እዚያ ከ2016 ጀምሮ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የበረዶ ጎማ ለገጠመ ሰው ቅናሽ መስጠት አለባቸው፤ ያልጠየቀ ሰው ሳያገኝ እንዳይቀር።

ጎማው ከተገጠመ በኋላ ሃምሳ ማይል ያህል ነድታችሁ ተመለሱና የቸርኬውን ዳዶ በመለኪያ እንዲያጠብቁላችሁ ጠይቁ። ንፋሱን በየወሩ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ለኩ። ሙቀቱ በ10 ፋራናይት በወረደ ቁጥር ጎማው አንድ ፒ ኤስ አይ ያህል ይጎድላል፤ በዴንቨር በአንድ ቀን አርባ ዲግሪ ሲወርድ አራት ጎደለ ማለት ነው። የምትሞሉት በበሩ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ስለሆነ እርሱን አትሙሉ። በረዶ ላይ እንዲይዝ ብሎ ንፋስ የሚያጎድልም አለ፤ አስፋልት ላይ ጎማውን ያግላል፣ መሪውንም ያላላል፣ ተዉት።

የሙቀቱን ጎማ ስታስቀምጡ አጥባችሁ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አድርጉት፤ ኤሌክትሪክ ሞተር አጠገብ አታድርጉት፣ ከሞተሩ የሚወጣው ኦዞን ላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። የበረዶውን የምታወጡት ኤፕሪል ላይ ነው፤ ወደ ተራራ የምትመላለሱ ግን እስከ ሜይ መጨረሻ አትቸኩሉ፤ ዴንቨርም ቢሆን ሜይ ላይ በረዶ ጥሎባት ያውቃል። መግጠሙን ደግሞ የመጀመሪያው በረዶ እስኪጥል አትጠብቁ። በረዶ በጣለ ማግሥት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ጎማ ቤት ይሰለፋል፤ የእናንተ መጠን ያልቅና ያለውን ግጠሙ ትባላላችሁ። መጠናችሁን ከበሩ ላይ ጽፋችሁ ሴፕቴምበር ላይ ቀጠሮ ያዙ።